ኦቲዝም ላለበት ሕፃን ቤት ምን ያህል ይበቃል?

ልጁ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ስሙ ሲጠራ አይዞርም። አፉን አልፈታም፤ ወይም አንድ ሁለት ቃል አውጥቶ ነበርና ጠፋበት። ዘመድ «ወንድ ልጅ ነው፣ ይዘገያል፤ አባቱም ቶሎ አልተናገረም» ይላል። እናት ግን ልቧ አልረጋም። ሐኪም ዘንድ ትመላለሳለች፣ በመጨረሻ «ኦቲዝም ነው፣ ማዕከል ይግባ» ትባላለች። ማዕከሉ ደግሞ «ለጊዜው ቦታ የለንም፣ ስሙን አስመዝግቢ» ይላታል። ከዚያስ?

በአገራችን ማዕከሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው ያሉት። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የማነሳው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) እሳቸው ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ፤ ለልጃቸው ትምህርት ቤት ፈልገው ሲያጡ ነው የጀመሩት። በ2021 አረፉ። ከጆይ በኋላ ነህምያና ሌሎችም ተከፍተዋል። በር የሚያንኳኳው ሰው ግን ከቦታው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰው አንዱ ኦቲዝም እንደነበረበት ይገምታል። የኢትዮጵያን ሕዝብ ቁጥር አስቡና ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ስለሚሠራ ሥራ ማውራት የግድ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ ቤት «ሌላ ሲጠፋ» የሚያዝ መጠባበቂያ አይደለም። ማዕከል ቢገኝም እንኳ ዋናው ሥራ ያለው ቤት ነው። ይህን ስል እናትን ቴራፒስት እናድርጋት ማለቴ አይደለም። ያ ሌላ ጣጣ ነው፣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ካሊፎርኒያ እንሂድ። ኢቫር ሎቫስ የሚባል የሥነ ልቦና ሰው በ1960ዎቹ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ያሠለጥን ነበር። በዚያን ጊዜ እነዚህ ልጆች «አይማሩም» ተብለው በየተቋሙ ነበር የሚጣሉት። ሎቫስ ልጆቹ እንደሚማሩ አሳየ። በ1973 ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጽሑፍ ግን አንድ የማይመች ነገር ይዞ መጣ። ሥልጠናው አልቆ ወደ ተቋም የተመለሱት ልጆች የተማሩትን መልሰው አጡት። ወላጆቻቸው ሠልጥነው ቤት የተቀበሏቸው ግን ያገኙትን ይዘው ቆዩ፣ አንዳንዶቹም ጨመሩበት። ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ቤትና ወደ ትንንሽ ልጆች ዞረ።

በ1987 ደግሞ ዓለምን ያስደነቀ ውጤት ወጣ። 19 ሕፃናት በሳምንት 40 ሰዓት ያህል፣ ለሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ፣ አንድ ለአንድ ሠለጠኑ። ከ19ኙ ዘጠኙ ከእኩዮቻቸው ጋር መደበኛ አንደኛ ክፍል ገቡ፤ የአእምሮ ብቃት መለኪያቸውም መካከለኛው ደረጃ ደረሰ ተባለ። «40 ሰዓት» የሚባለው ቁጥር እስካሁን የወላጅን እንቅልፍ የሚነሳው ከዚያ ወዲህ ነው።

ይሁንና ያ ጥናት ልጆቹን በዕጣ አልመደበም። ትንሽም ነበር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ልጆቹ ሲያጠፉ ጮክ ብሎ «አይሆንም!» ማለትና ጭን ላይ መምታት የሥልጠናው አካል ነበሩ። ከዚያ ቀደም በ1960ዎቹማ በኤሌክትሪክ መቅጣትም ተሞክሯል። ዛሬ ኦቲዝም ያለባቸው ዐዋቂዎች ከሎቫስ ሥራ ያደገውን፣ ኤቢኤ የሚባለውን የባህሪ ሥልጠና ሲቃወሙ ከሚያነሱት አንዱ ይህ ታሪክ ነው። «ራሳችንን ደብቀን ሌላውን ሰው እንድንመስል ተገደድን» ይላሉ። መስማት ያስፈልጋል፤ ስለ ልጆቻችን ነገ የሚነግሩን እነሱ ናቸውና።

ሙያው ራሱም ቆሞ አልቀረም። ልጁን ጠረጴዛ ፊት አስቀምጦ «ይህን ንካ፣ ይህን ንካ» እያሉ በከረሜላ መሸለም ቀርቶ፣ ወይም ቀንሶ፣ በጨዋታና በቤት ውሎ መካከል ማስተማር መጣ። ሳሊ ሮጀርስና ጄራልዲን ዶሰን ያዘጋጁት የዴንቨር ሞዴል ከእነዚህ የታወቀው ነው። በ2010 የወጣው ጥናታቸው ከ18 እስከ 30 ወር ዕድሜ ያላቸውን 48 ልጆች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለሁለት ዓመት ተከታተለ። ባለሙያ ቤታቸው እየሄደ፣ ወላጆችም እየተጨመሩበት የሠለጠኑት ልጆች በአእምሮ ዕድገት መለኪያው 17 ነጥብ ተኩል ያህል ከፍ አሉ። ሌሎቹ ሰባት ነጥብ። በ2019 ጥናቱ በሌሎች ቦታዎች ሰፋ ብሎ ሲደገም ውጤቱ ለዘብ አለ፤ በቋንቋ የተወሰነ ጥቅም ታየ፣ በአጠቃላይ መለኪያው ግን ልዩነት አልተገኘም። ይህን የማነሳው አንድ ጥናት ይዞ «ተዓምር!» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው።

እንግዲህ ወደ ማዕድ ቤት እንግባ።

ልጁ ውሃ ሲጠማው አይናገርም፣ አይጠቁምም። የእናቱን አንጓ ይዞ ወደ ጆጉ ይጎትታታል፤ ፊቷን ሳያይ እጇን እንደ ዕቃ ይጠቀምበታል። እናት ታውቀዋለችና ወዲያው ቀድታ ትሰጠዋለች። ጠጥቶ ይሄዳል። ሁሉም ሰላም ነው፤ ግን ልጁ በዚህ መካከል ለመናገር የሚያበቃው ምክንያት አላገኘም።

የሠለጠነች እናት ይህንኑ ትንሽ ትለውጠዋለች። ጆጉን አንስታ ቁጢጥ ትላለች፤ ፊቷ ከፊቱ ትይዩ እንዲሆን። ዝም ትላለች። በልቧ እስከ አምስት ትቆጥራለች። ይህቺ ዝምታ ከሥራው ሁሉ ከባዷ ናት፤ እኛ ቤት ዝም ብሎ መጠበቅ አልለመድንም። ልጁ ቀና ብሎ ካያት፣ ወይም «ው» የምትመስል ድምፅ ካወጣ፣ ወይም እጁን ወደ ጆጉ ከዘረጋ፣ ያኔ «ውሃ!» ብላ ወዲያው ትቀዳለች። ሁለት ጉንጭ ብቻ። ለምን ሁለት ጉንጭ? ጨርሶ እንደገና እንዲመጣ። አንድ ጆግ ውሃ በዚህ መንገድ አሥር ጊዜ ያስጠይቃል። ልጁ ምንም ካላደረገ ጣቱን ይዛ እንዲጠቁም ታግዘዋለች፣ «ውሃ» ትላለች፣ ትሰጠዋለች። «ውሃ ካላልክ አታገኝም» ማለት ግን የለም። በጥም መደራደር አይገባም።

የባህሪ ትምህርት ሚስጥሩ እዚህ ላይ ነው። ከድርጊቱ በፊት ምን ነበር? ልጁ ምን አደረገ? ከዚያ በኋላ ምን አገኘ? ሰው ሁሉ፣ ኦቲዝም ቢኖርበትም ባይኖርበትም፣ የጠቀመውን ይደግማል። እይታው፣ ድምፁ፣ ጥቆማው ውሃ ካመጡለት ነገም ይሞክራቸዋል። ለዚያ ደግሞ ስጦታው ከድርጊቱ ጋር መጣበቅ አለበት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚመጣ ከረሜላ ለሁለት ዓመት ልጅ ምንም አያስተምርም።

አንድ የአማርኛ ጉዳይ እዚህ አለ። ብዙዎቹ ልጆች የሰሙትን እንዳለ ይደግማሉ። «ውሃ ትፈልጋለህ?» እያልን ከሰጠነው ልጁ ሲጠማው መጥቶ «ውሃ ትፈልጋለህ?» ይላል። እያሾፈ አይደለም፤ ውሃ የሚመጣው በዚህ ዓረፍተ ነገር መሆኑን ተምሯል። ስለዚህ እሱ ሊለው የሚገባውን በእሱ ቦታ ሆኖ ማለት ይሻላል። መጀመሪያ «ውሃ»፣ ሲጎብዝ «ውሃ ስጪኝ»። ቃል ካልመጣ ሥዕል ማሳየትም፣ በእጅ ምልክት መጠየቅም ይቻላል። «ሥዕል ካስለመድነው ንግግር ይሰንፋል» የሚለው ፍርሃት በጥናት አልተደገፈም። ለአንዳንዱ ልጅ እንዲያውም ወደ ንግግር የሚያሻግረው እሱ ነው።

በዚሁ መንገድ ጫማ ማድረግም፣ እጅ መታጠብም ይሠለጠናል። አንድ ብልሃት ልጥቀስ፦ ከመጨረሻው መጀመር። ጫማውን እናት አስገብታ፣ ስባ፣ አስተካክላ፣ የመጨረሻዋን ማጣበቂያ ብቻ ለልጁ ትተዋለች። ቸፍ! ጨረሰ፣ ተጨበጨበለት። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱን የመጨረሻ እርምጃዎች። ልጁ ሁልጊዜ ሥራውን ጨርሶ ነው የሚነሳው እንጂ ጀምሮ አቅቶት አይደለም።

አስቸጋሪ የሚባለው ባህሪ ደግሞ ሰፊ ቦታ ይገባዋል፤ ቤተሰብን የሚያንበረክከው እሱ ነውና።

ሱቅ በር ላይ መሬት ላይ ተንከባሎ የሚጮኸውን ልጅ አስቡ። ብስኩት ፈልጓል። ሰው ተሰብስቧል። «ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው!» የሚለው ይላል፤ «ኧረ ስጪው፣ አታስለቅሺው» የሚለውም አለ። እናት አፍራ ብስኩቱን ትገዛለች። ልጁ ዝም ይላል። እናት «ሰጥቼ ዝም አሰኘሁት» ትላለች። ልጁ ደግሞ «ጮኼ አገኘሁ» ይላል፤ ባይናገረውም። ሁለቱም ተምረዋል። ነገ ሁለቱም ይደግሙታል።

መፍትሔው ከጩኸቱ በፊት ነው ያለው። ከቤት ሳይወጡ የሚገዛውን ዕቃ ፎቶ ስልክ ላይ ማሳየት። ፌስታሉን እሱ እንዲይዝ ማድረግ። ብስኩት ሊገዛለት ከሆነ ገና ሱቁ ጋ እንደ ደረሱ፣ በጣቱ ሲጠቁም ወይም ሲጠይቅ፣ ወዲያው መስጠት። ዛሬ የማይገዛ ከሆነ በሌላ ሰዓት ወይም በሌላ መንገድ መሄድ፤ ይሄ ሽንፈት አይደለም። ከጮኸ በኋላ ግን አለመስጠት። እዚህ ላይ ማንም አስቀድሞ የማይነግራችሁ ነገር አለ፦ ጩኸቱ ከመቀነሱ በፊት ሊጨምር ይችላል። እስከ ትናንት የሚሠራ የነበረ ዘዴ ዛሬ ሲከሽፍ ማንም ሰው አጠንክሮ ይሞክራል። አሥር ደቂቃ ታግሶ በአሥራ አንደኛው የሚሰጥ ወላጅ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ መጮኽ እንደሚያዋጣ አስተማረ። እንደማትችሉት ካወቃችሁ ሳይጮኽ በፊት ስጡት። ይሄ ምክር ደካማ ይመስላል፤ ነገር ግን ከመሃል ከመውደቅ ይሻላል። አንድ ነገር ግን ለዩ፦ ልጁ ራሱን የሚመታ ወይም የሚነክስ ከሆነ ዝም ብሎ ማለፍ አይሠራም፤ መጀመሪያ ደህንነቱ፣ ቀጥሎም ባለሙያ ያስፈልጋል።

ሁሉም ጩኸት ደግሞ «ስጡኝ» አይደለም። ቡና ሲወቀጥ ጆሮውን ይዞ የሚሮጠው ልጅ ምንም አልጠየቀም። ድምፁ አመመው። ለእሱ የሚሆነው ትዕግሥት የማስተማር ሥልጠና ሳይሆን ቀድሞ መንገር፣ ሌላ ክፍል መውሰድ፣ ወይም ዘነዘናውን ራሱ ይዞ እንዲሞክር መፍቀድ ነው። ራሱ የሚወቅጠው ድምፅ መቼ እንደሚመጣ ስለሚያውቀው ይቀልለዋል። ጥርስ የሚያመው፣ ሆዱ የደረቀበት፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅም «ባህሪው ተበላሸ» ይባላል። ሕመሙን ሳያጣሩ ባህሪውን ማሠልጠን በደል ነው።

ቁንጥጫ፣ አለንጋ፣ በርበሬ ማጠን፣ ክፍል ዘግቶ ማስቀመጥ ሁሉም ይቅር። «ሰብዓዊ አይደለም» ብሎ ማቆም ይበቃ ነበር፤ ግን ሥራም አይሠራም። ፍርሃት ልጁን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ውሃ መጠየቅ አያስተምረውም። እጁን ማርገብገብ፣ መሽከርከር፣ ዕቃ መደርደርም ማንንም እስካልጎዳ ድረስ መጥፋት ያለበት ነገር አይደለም። «ዓይኔን እየኝ» እያሉ አገጭ ይዞ ማዞር ግን ይቅር። ዓይን ማየት ለብዙዎቹ ይከብዳል። ልጁ ከእናንተ ጋር መሆኑን በሌላ መንገድ ያሳያችኋል፤ ሳቁን ይዞ በመምጣት፣ መጫወቻውን በማምጣት።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልመለስ። 40 ሰዓት ያልቻለች እናት ልጇን በድላለች?

አልበደለችም። በእንግሊዝ አገር በጆናታን ግሪን የተመራው ፓክት የተባለ ጥናት 152 ሕፃናትን ይዞ ነበር። ባለሙያው ልጁን አላሠለጠነም። ወላጅና ልጅ ሲጫወቱ በቪዲዮ ቀረጸና ከወላጅ ጋር ቁጭ ብሎ አየው። «እዚህ ጋ ልጅሽ አየሽ፣ አንቺ ግን ሌላ ነገር አነሳሽ። ብትጠብቂው ኖሮስ?» ይህን የመሰለ ውይይት ነው። ቤት ውስጥ በቀን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይለማመዳሉ። በ2010 ውጤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ መጠነኛ ነበር። ሆኖም ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ 121ዱ ልጆች እንደገና ሲታዩ፣ የተለመደውን አገልግሎት ብቻ ካገኙት ልጆች ጋር የነበረው ልዩነት አልጠፋም ነበር፤ ይህ በ2016 ታተመ። በ2024 ደግሞ ከ140 በላይ ጥናቶችንና 9 ሺህ ገደማ ልጆችን በአንድ ላይ ያየ ትንተና የሰዓት ብዛትና የልጁ ለውጥ አብረው እንደማይሄዱ አሳየ። ብዙ ሰዓት የሚሸጡ ድርጅቶችን ይህ አላስደሰተም።

ግን ከዚህ ተነስቶ «ትንሽ ይበቃል» ማለትም ይከብዳል። በ2012 በአሜሪካ ወላጆችን በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለ12 ሳምንት ብቻ ያሠለጠነ ጥናት በአካባቢው የተለመደውን አገልግሎት ከሚያገኙት ልጆች የተለየ ለውጥ አላየም። ወላጅን አንድ ሰሞን አሠልጥኖ «በሉ እንግዲህ» ብሎ መልቀቅ አያዋጣም። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ ልዩነት የሚያመጣው ዘዴው ከቤቱ ውሎ ጋር መዋሃዱና የሚከታተል ሰው መኖሩ ነው።

ጠበልን በተመለከተ ብዙ ጊዜ ጠብ ይነሳል። በ2016 የታተመ፣ በአዲስ አበባ ሁለት ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎችን የጠየቀ ጥናት ብዙዎቹ የልጃቸውን ሁኔታ በሕክምናም በመንፈሳዊም ምክንያት አብረው እንደሚያስረዱ አሳይቷል። እናት ጠበል መሄዷ ሥልጠናውን አያበላሽም። የሚያበላሸው «ጠበሉ ይጨረስ» ተብሎ ሁለት ዓመት መጠበቅ ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን ይሆናሉ። የስልክ ጉዳይም ብዙ ያነጋግራል። ስልክ ኦቲዝም አያመጣም፤ እናቶችን በዚህ መውቀስ ይቁም። ነገር ግን ሙሉ ቀን ስክሪን ላይ ያለ ልጅ ውሃ የሚጠይቅበትም ጊዜ አይኖረውም። ስለ ክትባት አንድ መስመር ይበቃል፦ በ1998 ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው ጽሑፍ በ2010 ያወጣው መጽሔት ራሱ ሰርዞታል።

ቤት ስንል ግን ቤት ውስጥ ያለው ማን ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ሁለቱም ወላጆች ሥራ የሚውሉበት ቤት ልጁ የሚውለው ከሠራተኛዋ ጋር ነው። ሥልጠናውን ለእናት ብቻ ሰጥቶ ሠራተኛዋን መርሳት ቀኑን ሙሉ ባዶ መተው ነው። ጥቅምት ላይ ያሠለጠኗት ሠራተኛ ጥር ላይ ወደ ሌላ ቤት ልትሄድ እንደምትችልም ይታወቃል፤ ስለዚህ ውሃውን፣ ጫማውን፣ ሱቁን በተመለከተ ቤቱ የተስማማበት ነገር በወረቀት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ አይከፋም። እናት ዓረብ አገር ሠርታ ገንዘብ የምትልክበት ቤት ደግሞ ሥራው ያለው አያት እጅ ነው። አያት ፍቅሯ ብዙ ነው፣ «አታስለቅሱት» ትላለች። እማማን ከሥልጠናው ማስቀረት ሳይሆን ማስገባት ነው መላው። ጆጉን እሷ ትያዘው።

አባቶችስ? «ሥራ ላይ ነው» የሚለው መልስ ለቀኑ ይሠራል። ማታ ገላ ማጠብ፣ ልብስ ማውለቅና ማስተኛት ግን አሥር የመማሪያ ዕድል አለበት። እንዲያውም አንድ የሚያስመርር እውነት አለ፦ ብዙ ቤት የልጁ ምርመራ እንደተሰማ እናት ሥራዋን ትለቃለች፣ አንዳንዱ ቤት ደግሞ አባት ቤቱን ይለቃል። በዚህ ላይ «ቴራፒስቱም አንቺው ነሽ» ማለት ጭካኔ ይሆናል። ቀደም ብዬ ጣጣ ያልኩት ይህንን ነው። እናት እናት ሆና መቅረት አለባት። የምሳ ሰዓት ሁሉ ትምህርት ከሆነ ምሳ መብላት ይቀራል፤ ለልጁም ለእሷም። በቀን ሁለት ሦስት አጋጣሚዎችን መርጦ፣ ውሃ፣ ጫማ፣ መኝታ፣ ሌላውን እንደ ልብ መኖር ይሻላል።

ዲሲና አካባቢዋ ላላችሁ ወገኖች ደግሞ የተለየ ነገር አለ። በአሜሪካ ሕግ ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ወላጅ ራሱ ለሕፃናት ቅድመ ድጋፍ ቢሮ (early intervention) ደውሎ ምርመራ መጠየቅ ይችላል፤ የሐኪም ወረቀት ግዴታ አይደለም። ምርመራው በነፃ ነው። ከደወላችሁበት ቀን ጀምሮ የልጁ የድጋፍ ዕቅድ እስከሚወጣበት ስብሰባ ድረስ ለቢሮው የሚሰጠው 45 ቀን ነው። አገልግሎቱ በተቻለ መጠን ልጁ በሚውልበት፣ ማለትም ቤታችሁ መጥቶ ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው፤ «እንግሊዝኛ እችላለሁ» ብሎ ማፈር አያስፈልግም፣ የስብሰባው ቋንቋ የአሜሪካ ተወላጁንም ያደናግራል። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላ ጉዳዩ ወደ ትምህርት ቤቱ አስተዳደር ይዞራል፣ አሠራሩም ይለወጣል። «እስቲ ትንሽ እንጠብቅ» የሚሉ ወላጆች የሚከስሩት እነዚያን የመጀመሪያዎቹን ወራት ነው።

ከዚያው አካባቢ ደጋግሞ የሚሰማ ምክርም አለ፦ «ልጁ ግራ እንዳይጋባ አማርኛውን ተዉና እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት»። ምክሩ መሠረት የለውም። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ንግግር እንደሚጎዳ ያሳየ ጥናት የለም፤ በተቃራኒው ጉዳት አለመኖሩን ያሳዩ በርከት ያሉ ናቸው። እናት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስትጫወት ጨዋታው ራሱ ይደርቃል። «አንቺ ሆዬ» ብሎ መዝፈን፣ «ኩኩሉ» ብሎ መደበቅ በአማርኛ ነው የሚጥመው። ወ/ሮ ዘሚም ፊደላችንን መሠረት ያደረገ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ የንግግር ማስተማሪያ አዘጋጅተው ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ እስካሁን ከታየው ሁሉ ተስፋ የሚሰጠው የዓለም ጤና ድርጅት የአሳዳጊዎች ሥልጠና ነው። ዕድሜያቸው ከሁለት እስከ ዘጠኝ የሆኑ፣ ኦቲዝምና ሌላ የዕድገት እክል ያለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች በቡድን ዘጠኝ ጊዜ ይገናኛሉ። አሠልጣኙ ሦስት ጊዜ ቤታቸው ይመጣል። አሠልጣኞቹ የሕፃናት ሳይካትሪስት መሆን አይጠበቅባቸውም፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ያሉን የሕፃናት ሳይካትሪስቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸውና። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ለአገራችን አስተካክለው ሞክረውታል፤ ሥራቸውም በ2020 ታትሟል። ከትምህርቶቹ መካከል አንዱ ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ አሳዳጊዋ ነው፤ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ጭንቀቷ። በቡድኑ ውስጥ ደግሞ ልጇን ለዓመታት ከጎረቤት ደብቃ የኖረች እናት ሌላ እንደሷ ያለች እናት ታገኛለች።

ግን ሙከራ ሙከራ ነው። ከጥናት ፕሮጀክት ወጥቶ ጤና ጣቢያ ላይ በመደበኛ ሥራ መግባት አለበት፤ አሠልጣኙ ሰዓቱ ተቆጥሮለት፣ የትራንስፖርቱ ወጪ ተከፍሎት። እናቶችም ቢሆኑ ዘጠኝ ጊዜ ለመምጣት ታክሲ ይከፍላሉ፣ ልጁን የሚይዝላቸው ሰው ይፈልጋሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ክትባት ሲጠይቁ «ስሙን ስትጠሩት ይዞራል? በጣቱ ይጠቁማል?» ብለው ሁለት ጥያቄ ቢጨምሩ ብዙ ልጅ በአራት ዓመቱ ሳይሆን በሁለት ዓመቱ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ የሚልኩበት ቦታ ካልኖረ ግን ጥያቄው ራሱ ለእናት ጭንቀት ጨምሮ መሄድ ነው የሚሆነው።